ስሙ አንድ፣ ኃይሉ ልዩ ልዩ፤ ስለ ላፕቶፕ የግራፊክስ ካርዶች

ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን በዕረፍት ሰዓት ከተነሡት ክርክሮች ሁሉ የረዘመው የእግር ኳስ ክርክር አይደለም፤ ጌም ለማጫወት የሚሻለው ላፕቶፕ የትኛው ነው የሚለው ነው። አንዱ «5090 ያለው ነው» ሲል፣ ሁለተኛው «5070 ይበቃል» ሲል፣ ሦስተኛውም «ያለፈው ሞዴል በርካሽ ይገኛል» ሲል፣ ደወሉ ተደውሎ ሳይስማሙ ይለያያሉ። ሁሉም በቁጥር ይከራከራሉ፤ ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መጽሔታችን ሲዘጋጅ፣ በዚህ ነገር የደረስሁበትን በሥርዓት ጽፌ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራን፣ ይልቁንም ገንዘቡን ለሚከፍሉት ወላጆች ለማቅረብ አሰብሁ።

አበው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ይህ ለሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ለግራፊክስ ካርድ ግን ስም የሚያወጣለት ነጋዴ ነው። የዚህም ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ገዢ ስሙን ሳይሆን ከስሙ በስተ ኋላ ያለውን ኃይል መመዘን ይገባዋል።

የግራፊክስ ካርድ ምንድን ነው?

በላፕቶፕ ስክሪን ላይ የምናየው ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስክሪን በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥብ አለው፤ ሁለቱ ሲባዙ 2,073,600 ይሆናል። እንቅስቃሴው ለዐይን የተቃና እንዲሆን በሰከንድ 60 ሥዕል እንዲታይ ብንፈልግ፣ መሣሪያው በያንዳንዱ ሰከንድ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ቀለም መወሰን አለበት። ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ የሰከንድ አንድ ስድሳኛ ብቻ ነው።

የኮምፒዩተሩ ዋና ፕሮሰሰር ጥቂት ሊቃውንት እንደ ተሰበሰቡበት ጉባኤ ነው፤ ከባዱን ጥያቄ ተራ በተራ ይፈታል። የግራፊክስ ካርድ ግን ደቦ ነው። የአንድን ሰፊ ማሳ አዝመራ ለማጨድ አንድ ሊቅ ከሚጠራ ይልቅ፣ ማጭድ የያዙ ብዙ ሰዎች ቢሰለፉ ሥራው ቶሎ ያልቃል። በግራፊክስ ካርድ ውስጥ የተሰለፉት ሠራተኞች «ኮር» ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም በሺሕ የሚቆጠር ነው። እያንዳንዱ የሚሠራው ቀላል ስሌት ነው፤ ሁሉም ግን በአንድነት ይሠራሉ።

የአዲሶቹ ካርዶች ዝርዝር

በዚህ ንግድ በሰፊው የሚታወቀው በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው ኤንቪዲያ ነው። ይህ ኩባንያ ጂፎርስ አርቲኤክስ 50 የተባለውን ትውልድ ያስተዋወቀው በላስ ቬጋስ ከተማ በጥር ወር 2025 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር የ2017 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ነበር። ከቁጥሩ የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች ትውልዱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ማዕርጉን ያመለክታሉ። ለላፕቶፕ የተሠሩት እነዚህ ናቸው፦

5050፦ 2,560 ኮር፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ከ35 እስከ 100 ዋት፤
5060፦ 3,328 ኮር፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ከ45 እስከ 100 ዋት፤
5070፦ 4,608 ኮር፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ከ50 እስከ 100 ዋት፤
5070 ቲአይ፦ 5,888 ኮር፣ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ከ60 እስከ 115 ዋት፤
5080፦ 7,680 ኮር፣ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ከ80 እስከ 150 ዋት፤
5090፦ 10,496 ኮር፣ 24 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ከ95 እስከ 150 ዋት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሰንጠረዥ ዐልፈህ አትሂድ። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከእርሱ የሚወጣ ነው።

አንደኛው ልዩነት፤ የጠረጴዛውና የላፕቶፑ

በጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጠው ትልቅ ኮምፒዩተር የተሠራውም ካርድ 5090 ይባላል። እርሱ ግን 21,760 ኮርና 32 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲኖረው፣ 575 ዋት ይወስዳል። የላፕቶፑ 5090 የኮር ቁጥር የዚህ እኩሌታ እንኳ አይሞላም። እንዲያውም የሚቀርበው 10,752 ኮር ላለው ለጠረጴዛው 5080 ነው። የ5070ም ነገር እንዲሁ ነው፤ የጠረጴዛው 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲኖረው፣ የላፕቶፑ ያለው 8 ብቻ ነው።

ይህ መመሳሰል ሁልጊዜ አልነበረም። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ የላፕቶፕ ካርዶች ከቁጥራቸው በኋላ «ኤም» የምትል ፊደል ነበረቻቸው። ለምሳሌ የጠረጴዛው ጂቲኤክስ 980 2,048 ኮር ሲኖረው፣ 980 ኤም ያለው 1,536 ነበር። ፊደሏም ገዢውን «ይህ ሌላ ነው» እያለች ታስጠነቅቅ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 1080 ግን በሁለቱም ወገን 2,560 ኮር ስለ ነበረው ፊደሏ ቀረች፤ በዚያን ጊዜ መቅረቷም ተገቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ሲመለስ ፊደሏ ሳትመለስ ቀረች። ስለዚህ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር የተለካውን ፍጥነት ተመልክቶ ላፕቶፕ መግዛት፣ የወንድምን ልክ ለክቶ ለሌላው ልብስ እንደ ማሰፋት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት፤ ዋት

ደቦ ያለ ጠላና ያለ እንጀራ አይሠራም። የኮሮቹም ቀለብ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከላይ በሰንጠረዡ እንደ ታየው፣ 5080 በአንዱ ላፕቶፕ 80 ዋት፣ በሌላው 150 ዋት ሊሰጠው ይችላል። ይህንም የሚወስነው የካርዱ ሠሪ ብቻ ሳይሆን ላፕቶፑን የሚሠራው ፋብሪካ ነው። ስሙ በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ የሚሠሩት ሥራ ግን እኩል አይደለም። እርግጥ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም፤ የመጀመሪያዎቹ ዋቶች ከመጨረሻዎቹ ይልቅ ብዙ ይሠራሉ። ቢሆንም ቀለቡ የጎደለበት ትልቅ ካርድ፣ በሚገባ ከተቀለበው ታናሹ ጋር ሊቀራረብ ይችላል።

ፋብሪካው ዋቱን ለምን ይቀንሳል? ምክንያቱ ሙቀት ነው። ካርዱ የሚወስደው ኃይል በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 150 ዋት ማለት ድሮ በየቤቱ ከነበረው ባለ 100 ዋት አምፖል አንድ ከግማሽ መሆኑ ነው። ይህን ሙቀት ሁለት ጣት ከማይሞላ ቀፎ ውስጥ ማስወጣት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቀጭንና ቀላል ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ዋቱ የተቀነሰ ነው።

በዚህ ላይ የፊዚክስ መምህራችን ያመለከቱንን ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ የአየር እፍግታ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ስለሚሳሳ፣ ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። እንግዲህ በባሕር ዳር አገር ተለክቶ መልካም የተባለ ቀጭን ላፕቶፕ፣ በእኛ ከተማ ቶሎ ሊሞቅና ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል። ከስሩ መጽሐፍ ወይም እንጨት አስገብቶ ከፍ ማድረግ፣ አልጋ ልብስ ላይ አለማስቀመጥና አቧራውን ማስጠረግ ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውንም ማወቅ ያሻል። አውሮፕላን ተሳፋሪዎች ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲይዙ የሚፈቀደው የባትሪ መጠን 100 ዋት ሰዓት ስለ ሆነ፣ የላፕቶፕ ባትሪዎች ከዚያ በታች ሆነው ይሠራሉ። 150 ዋት የሚወስድ ካርድ እንዲህ ያለውን ባትሪ ብቻውን በ40 ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። ስለዚህ ላፕቶፑ ከመስመር ሲነቀል የካርዱን ዋት አብዝቶ ይቀንሳል። ውድ ካርድ በባትሪ ሲሠራ ውድነቱ አይታይም።

ሦስተኛው ልዩነት፤ ሜሞሪ

ካርዱ የሚስላቸው ሥዕሎች ቅርጻ ቅርጽና ቀለም የሚቀመጡበት ጎተራ ሜሞሪ ይባላል። ጎተራው ሲሞላ፣ የተረፈው ከላፕቶፑ ዋና ሜሞሪ በዝግተኛው መንገድ መመላለስ ይጀምራል፤ ጌሙም መንተባተብ ይጀምራል። በዚህ ረገድ 5070ን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የላፕቶፕ 4070ም ያለው 4,608 ኮርና 8 ጊጋባይት ነበር። አዲሱ ፈጣን ሜሞሪና አዲስ አሠራር አለው፤ የኮሩም የሜሞሪውም መጠን ግን ያው ነው። የ8 ጊጋባይት መጠን በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው በላፕቶፑ 3070ም ላይ የነበረ ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት እውነተኛው ድንበር ያለው በ5060ና በ5070 መካከል ሳይሆን፣ 8 ወደ 12 በሚያድግበት በ5070ና በ5070 ቲአይ መካከል ነው።

አራተኛው ልዩነት፤ የተሣለና የተገመተ ሥዕል

አዲሶቹ ካርዶች ዲኤልኤስኤስ 4 በሚባል ዘዴ፣ በሁለት የተሣሉ ሥዕሎች መካከል እስከ ሦስት የተገመቱ ሥዕሎች ይጨምራሉ። ካርዱ በሰከንድ 30 ሥዕል ቢሥል በስክሪኑ ላይ 120 ሊቆጠር ይችላል። እንቅስቃሴው ለዐይን ይለሰልሳል። የተጫዋቹ እጅ ያዘዘው ግን የሚገባው በተሣሉት 30ዎቹ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 120 እየታየ እጅ የሚሰማው የ30ውን ዝግታ ነው። ዘዴው የሚጠቅመው የተሣለው ቁጥር አስቀድሞ በቂ ሲሆን ነው።

የኤንቪዲያ መሪ ጄንሰን ሁዋንግ በላስ ቬጋስ፣ ዋጋው 549 ዶላር የሆነው የጠረጴዛ 5070 ከዚያ በፊት 1,599 ዶላር ይሸጥ ከነበረው 4090 ጋር እኩል ይሠራል ብለው ነበር። አንደኛው 6,144፣ ሁለተኛው 16,384 ኮር ያላቸው ናቸው። እኩልነቱ የተገኘው የተገመቱት ሥዕሎች አብረው ሲቆጠሩ ነው። ስለዚህ «በሰከንድ ይህን ያህል ሥዕል» የሚል ማስታወቂያ ስናነብ፣ «ስንቱ የተሣለ፣ ስንቱ የተገመተ ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ስለ ሌሎቹ ሠሪዎች

ኤኤምዲም በዚያው ወር ራይዘን ኤአይ ማክስ የተባለውን አቅርቧል። በዚህ ዐይነቱ ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ተዋሕደው ከአንድ ሜሞሪ ይቀለባሉ፤ ሜሞሪውም እስከ 128 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። ለእርሱም የሚሰጠው ኃይል እንደ ላፕቶፑ ከ45 እስከ 120 ዋት ስለሚለያይ፣ የዋቱ ጥያቄ ለእርሱም ይሠራል።

ምርጫ

ይህ ሁሉ በቤታችን የመጽሐፍ ትምህርት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በዱባይ የምትሠራው አክስቴ ለእኔ ላፕቶፕ ልትገዛ አስባ ሁለት አቀረበችልኝ። አንደኛው ቀጭን፣ 5080 ያለው፣ ነገር ግን በ80 ዋት የተወሰነ ነበር። ሁለተኛው ወፍራም፣ 5070 ቲአይ ያለው፣ 115 ዋት የሚሰጥ ነበር። የዋጋቸው ልዩነት የሁለት ወር ደመወዟን ያህላል። «ትልቁ ቁጥር እያለ ለምን ትንሹን?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀጭኑ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ስላለው በዚህ እንደሚበልጥ አልደበቅኋትም፤ ነገር ግን የእኔ ስክሪን 2,560 በ1,600 እንደሚሆንና ለዚያ 12 እንደሚበቃኝ፣ የቀረውም ልዩነት የሁለት ወር ድካሟን እንደማያክል አስረዳኋት። ወፍራሙን ገዛች፤ የተረፈውም ገንዘብ የታናሽ እኅቴን የትምህርት ቤት ክፍያ ሸፈነ።

ለመግዛት ለሚያስቡ ሁሉ አራት ጥያቄ አቀርባለሁ።

1ኛ፤ በዚህ ላፕቶፕ ለካርዱ የሚሰጠው ዋት ስንት ነው? ሻጩ ባያውቅ በፋብሪካው ዝርዝር ላይ ይፈለግ። ካልተጻፈ ግን ዝምታው ራሱ ጥርጣሬ ነው።

2ኛ፤ የካርዱ ሜሞሪ ስንት ነው? ከላፕቶፑ ዋና ሜሞሪ ጋር አይደባለቅ።

3ኛ፤ ስክሪኑ ስንት ነጥብ አለው? ባለ 3,840 በ2,160 ስክሪን 8,294,400 ነጥብ አለው፤ ይኸውም መጀመሪያ ከጠቀስነው አራት እጥፍ ነው። ለመደበኛው ስክሪን 5060 በቂ ሲሆን፣ ለታላቁ 5080ና ከዚያ በላይ ያሻል።

4ኛ፤ በሙሉ ኃይል ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ፍጥነቱ ይጸናልን? የመጀመሪያው ደቂቃ አይመስክር።

በመጨረሻም ወላጆች ይህን እንዲያስቡ እለምናለሁ። ከጥቂቶች በቀር የላፕቶፕ የግራፊክስ ካርድ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ ስለ ሆነ፣ እንደ ጠረጴዛው ተነቅሎ በሌላ አይተካም። በግዢ ቀን የተመረጠው ላፕቶፑ እስኪያረጅ ድረስ አብሮ ይኖራል። ደግሞም ካርዱ ለጌም ብቻ አይደለም፤ ያው ደቦ ብሌንደር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሕንፃ ሥዕል ይሥላል፣ ፊልም ያቀናብራል፣ የሳይንስ ስሌት ያሰላል። እኛም ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ስንከራከር ከስሙ አጠገብ ዋቱንና ሜሞሪውን አብረን እንጥቀስ፤ ያን ጊዜ ደወሉ ሳይደወል ክርክሩ ያልቃል።