ካሮሊነም፤ በልብ ወለድ የተገኘው ፈንጂ

የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲያን በዓለም የሌለ ማዕድን ፈጥረው የታሪካቸው መዘውር ማድረግ ልማዳቸው ነው። አብዛኛው ግን ባዶ ስም ነው፤ ስለምን እንደሚፈነዳ አይነገረንም። እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1914 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ነፃ የወጣው ዓለም» በተባለው መጽሐፉ ያመጣው ካሮሊነም ከእነዚህ ስለሚለይ ልናጠናው ወደድን።

ዌልስ ሐሳቡን ከባዶ አላመጣውም። የኬሚስትሪው ሊቅ ፍሬደሪክ ሶዲ በ1909 ስለ ራዲየም ያሳተመውን አንብቦ ነበር፤ ልብ ወለዱንም መታሰቢያ ያደረገው ለዚሁ መጽሐፍ ነው። ራዲየም ከኃይሉ እኩሌታውን ለመስጠት 1600 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ዌልስ ይህን ወደ 17 ቀን አሳጠረው። በሚቀጥለው 17 ቀን ከቀረው እኩሌታው ይወጣል፤ በ51ኛው ቀን እንኳ ስምንተኛው እጅ ገና ይቀራል። ስለዚህ የካሮሊነም ቦምብ አንድ ጊዜ ጮሆ ዝም አይልም፤ የወደቀበትን አፈር አቅልጦ እንደ እሳተ ገሞራ ይነድዳል፤ ወደ ፈረሰው ከተማ ተመልሶ የሚገባም የለም።

የአውሮፕላን አብራሪው ጓድ የቦምቡን መክደኛ በጥርሱ ነክሶ ከፍቶ በእጁ ይወረውረዋል። የፊዚክስ ተማሪ ጓደኞቻችን እዚህ ላይ ቢስቁ አንፈርድባቸውም። ኒውትሮን የተገኘው በ1932 ነውና ዌልስ እውነተኛውን መንገድ ሊያውቅ አይችልም ነበር። በሂሮሺማ ላይ ኦገስት 6 ቀን 1945 የተጣለው ቦምብ 64 ኪሎ ያህል ዩራኒየም ነበረው፤ የተሰነጠቀው ከአንድ ኪሎ ያነሰ ሲሆን፥ ያም ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልቆየም።

ነገር ግን ስለ አሠራሩ የተሳሳተው ደራሲ ስለ ሰዎች አልተሳሳተም። ግማሽ ከተማ የሚያጠፋ ኃይል በእጅ ቦርሳ የሚያዝበት ዘመን ሲመጣ መንግሥታት እንደ ቀድሞው ጦርነታቸውን እንደሚቀጥሉ ጽፏል። ይህንንም ከልቡ ያሳደረ አንባቢ ተገኘ። ሁንጋርያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሊዮ ሲላርድ መጽሐፉን በ1932 አነበበ። በማግሥቱ ዓመት ለንደን ሳለ፥ አንድ ኒውትሮን ውጦ ሁለት የሚሰጥ ንጥረ ነገር ቢገኝ ኃይሉ እየተራባ እንደሚሄድ ታየው። በ1934 የፈጠራ መብት ጠየቀበት። ነገሩ ወዴት እንደሚያደርስ ከዌልስ ያወቀ በመሆኑ ይፋ እንዳይወጣ ብሎ በ1936 ለብሪታንያ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት አስረከበው።

ሲላርድ በኋላ አሜሪካ ገብቶ በቦምቡ ሥራ ተካፈለ። በጁላይ 1945 ግን ቦምቡ በጃፓን ላይ እንዲሁ እንዳይጣል ከ69 ባልደረቦቹ ጋር ለፕሬዚዳንት ትሩማን አቤቱታ ፈረመ። ወረቀቱ ፕሬዚዳንቱ እጅ አልደረሰም።