የማገዶ ምድጃና የጭስ ማውጫ አገጣጠም በደባርቅና በዳባት ደጋ
በደባርቅና በዳባት ደጋ ብርዱ በርና መስኮት ስለሚያዘጋ፣ የምድጃ ጭስ የእናቶችንና የሕፃናትን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል። በ2008 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከግጭ መንደር ተነሥተው በደባርቅ እንደ ሰፈሩት ላሉ ቤተ ሰቦች ቤት ሲታቀድ የጭስ ማውጫውም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ጭሱን ወደ ላይ የሚስበው በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ሙቀት ነው። ደባርቅ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ስበቱም ይደክማል። ስለዚህ ቧንቧው ከቆላው ይልቅ ሊረዝም ይገባዋል፤ ከምድጃው የጭስ ቀዳዳ ግን ሊጠብብ አይገባውም። መጋጠሚያው ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረግ፤ በስንጥቁ የሚገባ ቀዝቃዛ አየር ስበቱን ይገድለዋልና። ጫፉ ከቆርቆሮው አናት ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ካልዘለቀ ነፋስ ጭሱን መልሶ ይደፋዋል። (በሣር ክዳን ቧንቧ ማውጣት ግን እሳት መጋበዝ ነው።) ማለዳ ቧንቧው ቀዝቅዞ ስለሚያድር፣ ማገዶው ከመለኮሱ በፊት ጥቂት ጭድ ከሥሩ ይንደድ።