ምሳ በኦኪናዋ ምግብ ቤት፡ ሳህኑ ውስጥ ያለውን እንወቅ



በዚህ ወር አምዳችን ለትምህርት፣ ለስልጠና ወይም ለስራ ወደ ጃፓን የሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች የሚገጥማቸውን አንድ ጉዳይ እናነሳለን። የጃፓን ምግብ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሩዝና ዓሣ ብቻ ነው። «ዓሣ ከሆነ ምን ችግር አለው?» ብለን ሳንጠይቅ ለምሳ እንቀመጣለን። ይሁን እንጂ ጃፓንም እንደ አገራችን በየአካባቢው የተለያየ ምግብ ያላት አገር ናት። ዛሬ የምንመለከተው በጤናማነቱ በዓለም ስሙ የተጠራውን፣ ለሙስሊም ግን ብዙ ጥንቃቄ የሚሻውን የኦኪናዋን ምግብ ነው።

የኦኪናዋ ምግብ ምን ይለየዋል?

ኦኪናዋ በጃፓን ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያሉ ደሴቶች ናት። እስከ እ.ኤ.አ. 1879 ድረስ ሪዩኪዩ የሚባል የራሷ ንጉሣዊ መንግስት ነበራት። ከቻይና ጋር ረጅም የንግድ ግንኙነት ስለነበራት የአሳማ ስጋ በምግቧ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይዟል። ሕዝቡ ራሱ «ከአሳማው ከጩኸቱ በቀር የማንበላው የለም» ይላል። ከሩዝ የሚጣራ አዋሞሪ የተባለ ጠንካራ አስካሪ መጠጥም አለ፤ ከመጠጥነቱ ሌላ ምግብ ማብሰያም ነው። የኦኪናዋ ምግብ ቤቶች በደሴቶቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በቶኪዮና በኦሳካም ይገኛሉ።

በምሳ ገበታ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች

1. የኦኪናዋ ሶባ፦ በጣም የተለመደው ምሳ ይህ ነው። ከስንዴ ዱቄት የተሰራ ፓስታ መሰል ምግብ በሾርባ ይቀርባል። ከላይ ያለው ስጋ ቢነሳ እንኳ ሾርባው ራሱ በአብዛኛው ከአሳማ አጥንትና ከደረቀ ዓሣ የተቀቀለ ነው። ስለዚህ «ስጋውን አውጡልኝ» ማለት ችግሩን አይፈታም።

2. ኮሬጉሱ፦ ጠረጴዛው ላይ ትናንሽ ቀይ ቃሪያዎች የተዘፈዘፉበት ጠርሙስ ይቀመጣል። ሚጥሚጣና ዳጣ የለመደ ሰው ወዲያው እጁን ይሰድዳል። ቃሪያው የተዘፈዘፈበት ፈሳሽ ግን አቼቶ ሳይሆን አዋሞሪ ነው። ይህን ማወቅ በተለይ ለእኛ ለሐበሾች አስፈላጊ ነው።

3. ጎያ ቻምፑሩ፦ ጎያ የሚባለው መራራ አትክልት ከቶፉ (ከአኩሪ አተር ከሚሰራ አይብ መሰል ምግብ) እና ከእንቁላል ጋር ተጠብሶ ይቀርባል። ስሙ የአትክልት ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ስጋ ወይም የቆርቆሮ አሳማ ይገባበታል።

4. ቶፉዮ፦ ቀይ ቀለም ያለውና አይብ የሚመስል ቶፉ ነው። የሚብላላው በአዋሞሪ ውስጥ ነው።

5. ሚሪን፦ በመላው ጃፓን ለማጣፈጫ የሚውል ከሩዝ የተሰራ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። እውነተኛው ሚሪን 14 በመቶ ያህል አልኮል አለው። የተቀቀለ ዓሣና ስጎ ውስጥ በብዛት ይገባል።

ምን ብለን እንጠይቅ?

«ስጋ አለበት?» የሚለው ጥያቄ በቂ አይደለም። አስተናጋጁ ስጋ የሚለው በዓይን የሚታየውን ቁራጭ ሊሆን ይችላል፤ መረቁንና ስቡን ላያስብ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን በየስሙ መጥቀስ ይሻላል። «ቡታኒኩ» የአሳማ ስጋ፣ «ራዶ» የአሳማ ስብ፣ «ዳሺ» መረቅ፣ «ሳኬ» አስካሪ መጠጥ ማለት ነው። «ቡታኒኩ ሃይተ ኢማስ ካ?» ማለት «የአሳማ ስጋ አለበት ወይ?» ነው። ጥያቄውን በጃፓንኛ አስጽፎ ይዞ መሄድ የበለጠ ይረዳል። የሚቻል ከሆነ የምሳው ሰዓት ግርግር ሳይጀምር ቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው። የዶሮና የበሬ ስጋን በተመለከተ በሸሪዓው መሰረት መታረዱ ካልተረጋገጠ መተው ይበጃል።

አንዳንድ ሰው መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ በተለይ የጋበዙት የስራ ባልደረቦች ወይም አስተማሪዎች ሲሆኑ። ነገር ግን በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐላሉም ሐራሙም ግልጽ መሆኑን፣ በመካከላቸው ካለው አጠራጣሪ ነገር የተጠበቀ ደግሞ ዲኑንና ክብሩን እንደጠበቀ አስተምረውናል።

ታዲያ ምን ይበላል?

ነጭ ሩዝ፣ በጨው ብቻ የተጠበሰ ዓሣ፣ ኡሚቡዶ የተባለው ወይን ፍሬ የመሰለ የባሕር ተክል፣ ያለ ስጎ የቀረበ የደሴቲቱ ጠንካራ ቶፉና የተቀቀለ ሐምራዊ ስኳር ድንች ለሙስሊም ቀለል ያሉ ምርጫዎች ናቸው። ለመጠጥ ሳንፒንቻ የሚባል የጃስሚን አበባ ሻይ አለ። ጂማሚ ቶፉ የሚባለው ከኦቾሎኒ የሚሰራ ስለሆነ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ይጠንቀቅ። ነፍሰ ጡር እናቶች ደግሞ ጥሬ ዓሣን ቢተዉ ይመረጣል።

ስለ ጤናውስ?

የኦኪናዋ ሰዎች በረጅም ዕድሜ የታወቁት በአሳማ ስጋ ምክንያት አይደለም። በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተራው ሕዝብ ከምግብ ከሚያገኘው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከስኳር ድንች የሚገኝ ነበር። በዚያ ላይ አትክልት፣ ቶፉና የባሕር ተክል ይበላ ነበር፤ ስጋ በብዛት የሚገኘው በበዓል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደሴቶቹ እስከ 1972 በአሜሪካ አስተዳደር ስር ሲቆዩ የቆርቆሮ ስጋ፣ ጥብሳ ጥብስና ፈጣን ምግብ ተስፋፋ። ውጤቱም ታየ፤ በ1985 በዕድሜ ርዝማኔ ከጃፓን 47 ክፍለ ሀገሮች አንደኛ የነበሩት የኦኪናዋ ወንዶች በ2000 ወደ 26ኛ ወረዱ። የቀድሞዎቹ አባቶች መልካም ስም የዛሬውን ልጅ አላዳነውም። ሽሮውንና ጎመኑን ትቶ በየዕለቱ በዘይት የተጠበሰ ምግብ ለሚበላ የከተማ ቤተሰባችንም ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሌላው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። አንድ ሳህን የፓስታ ሾርባ ብቻውን ይህን ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐላልነቱ የተረጋገጠ ሾርባ ቢያገኝም እንኳ ፓስታውን በልቶ መረቁን መተው ይኖርበታል። ጎያ ቫይታሚን ሲ ያለው ጥሩ አትክልት ነው፤ ለስኳር ሕመም መድኃኒት ምትክ ግን አይሆንም።

በመጨረሻም ከኦኪናዋ አረጋውያን የምንወስደው አንድ ልማድ አለ። «ሐራ ሐቺ ቡ» ይላሉ፤ ሆድ ከአስር እጅ ስምንቱ ሲሞላ ማቆም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወገብን የሚያቀና ጥቂት ጉርሻ እንደሚበቃ፣ የግድ ከሆነም የሆድ ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ እንዲሆን አስተምረዋል። ሱናው በእጃችን እያለ ከማዕድ የምንነሳው መተንፈስ እስኪያቅተን በልተን ከሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላልና ጥሩ የሆነውን ሲሳይ ይወፍቀን፤ ጤናችንንም ይጠብቅልን። አሚን!