ከእግራችን በታች ያለው ውሃ፦ የነታኒያ የከርሰ ምድር ውሃ ኬሚስትሪ

ጨቅላ ሕፃን ባለበት ቤት የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «የቧንቧውን ውሃ አፍልተን የዱቄት ወተት ብንበጠብጥለት ይበቃል?» እናቶቻችን «ውሃ ከፈላ ምን ይሆናል!» ይላሉ። መልሳቸው ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት ውሃው ከየት እንደሚመጣና በመንገዱ ላይ ምን እንደሚሸከም ማወቅ አለብን። ኬሚስትሪ ያልተማረ አንባቢም እንዲከተለን በቀላሉ እንሄዳለን።

1. ውሃው የተኛበት አለት

ከነታኒያ መናፈሻዎች ወደ ባህሩ ስንወርድ የምናየው ቢጫማ ገደል ኩርካር ይባላል። ኩርካር በኖራ፣ ማለትም በካልሲየም ካርቦኔት፣ ተጣብቆ የጠነከረ አሸዋ ነው። ከቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ እስከ ጋዛ ድረስ ይህ አለት ከአሸዋና ከሸክላ አፈር ጋር ተነባብሮ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ባህሩ አጠገብ ውፍረቱ 200 ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ወደ ምሥራቅ እየሳሳ ይሄዳል።

ዝናቡ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀላቀልበትና ደካማ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ኖራውን ስለሚያሟሟ ውሃው በካልሲየምና በባይካርቦኔት ይሞላል። ይህ «ጠንካራ ውሃ» ይባላል። ስናፈላው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ኖራው ተመልሶ ይዘቅጣል። በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር፣ በዕብራይስጥ አቫኒት የምንለው፣ ይኸው ነው። ለጤና አያሰጋም፤ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያስለቅቀዋል።

2. ጨው ከየት ይመጣል?

ከአለቱ ሥር ጣፋጩ ውሃ በባህር ውሃ ላይ ተንሳፎ ይገኛል፤ ጨዋማው ውሃ ይከብዳልና። በሁለቱ የክብደት ልዩነት ምክንያት፣ ጣፋጩ ውሃ ከባህር ጠለል በላይ በ1 ሜትር ከፍ ሲል ከጠለሉ በታች ወደ 40 ሜትር ይወርዳል። ነገሩ ወደ ኋላም ይሠራል፦ ከመጠን በላይ ስበን የጉድጓዱን ውሃ በ1 ሜትር ብናወርደው፣ ውሎ አድሮ ጨዋማው ውሃ ከሥር በ40 ሜትር ሊነሳ ይችላል።

አንድ ስሌት እንሥራ። የጉድጓዱ ውሃ በሊትር 150 ሚሊግራም ክሎራይድ አለው እንበል። የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ባህር ውሃ ደግሞ 22,000 ገደማ አለው። ከመቶ 2 እጅ የባህር ውሃ ቢገባ፦ 0.98 × 150 + 0.02 × 22,000 = 587። በእስራኤል ለመጠጥ ውሃ የተቀመጠው ወሰን 400 ነው። ጉድጓዱን ከአገልግሎት ለማስወጣት ከመቶ ሁለት እጅ በቂ ነው ማለት ነው።

3. የማይታየው እንግዳ፦ ናይትሬት

ነታኒያ እ.ኤ.አ. በ1929 ስትቆረቆር የብርቱካን እርሻ መንደር ነበረች። በሻሮን ሜዳ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ለእርሻው የተበተነው ማዳበሪያና የሰርጎ ፍሳሽ ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ተለውጧል። ናይትሬት በውሃ ፈጽሞ የሚሟሟና አፈር የማይዘው ስለሆነ ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ጉዞው ቀርፋፋ ነው። ዛሬ በጉድጓድ የምናገኘው ከብዙ ዓመት በፊት የተበተነ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ የምንበትነውንም ልጆቻችን ያገኙታል።

ናይትሬት ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው ነው። ከ6 ወር በታች ባለ ሕፃን ሰውነት ውስጥ ወደ ናይትራይት ሲለወጥ፣ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣል፤ የሕፃኑ ከንፈር ይጠቁራል ወይም ይሰማያዊ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ የእስራኤል 70 ነው።

ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያስወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይወፍራል። የከሰል ማጣሪያ ያለው ተራ ማሰሮም ብዙ አይረዳም።

4. በአገር ቤትስ?

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆረችው በፍልውሃ አጠገብ ነው። የፍልውሃ ውሃ በሶዲየምና በባይካርቦኔት የበለጸገ፣ ከጥልቅ እሳተ ገሞራ አለት የሚወጣ ነው። በከተማው መሃል ያሉ ምንጮችና ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ግን ከመጸዳጃ ጉድጓድ በሚሰርግ ፍሳሽ ምክንያት እንደ እኛ ሻሮን የናይትሬት ችግር አለባቸው።

በስምጥ ሸለቆ ችግሩ ሌላ ነው፦ ፍሎራይድ። በወንጂ ስኳር ልማት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ጥርሳቸው በልዟል፤ የአጥንት ሕመምም ያገኛቸው ነበሩ። ምክንያቱን ከማንቆርቆሪያችን መረዳት እንችላለን። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ፍሎራይድ ከእሱ ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል። በስምጥ ሸለቆ ግን ሶዲየም በዝቶ ካልሲየም ስለሚያንስ፣ ፍሎራይዱ በውሃው ውስጥ ይቀራል። የምናማርርበት አቫኒት አንድ ጥቅም አለው ማለት ነው።

5. ወደ ጥያቄያችን እንመለስ

የቧንቧ ውሃችን የሚመረመር ውሃ ነው። ከወሰን ያለፈ ጉድጓድ ይዘጋል፣ ይጣራል ወይም ከሌላ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የአሽቀሎን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጨው የተለየለት የባህር ውሃ በአገሪቱ መስመር ስለገባ በጉድጓዶች ላይ ያለው ጫና ቀንሷል። ስለዚህ ፍርሃት አያስፈልግም፤ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የውሃ ኮርፖሬሽኖች የምርመራ ውጤት ያወጣሉ። ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚከብዳቸው ወላጆቻችንና አያቶቻችን ውጤቱን አንብቦ ማስረዳት የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው። ሕፃን ላለበት ቤት የናይትሬቱን መስመር ፈልጉ፤ ቁጥሩ ከ50 በላይ ከሆነ የጤና ጣቢያዋን ነርስ አማክሩ።

መልመጃ፦ አንድ ወረቀት «የናይትሬት ናይትሮጅን 12 ሚሊግራም በሊትር» ይላል። ናይትሬቱ ስንት ነው? የናይትሬት ክብደት 62፣ የናይትሮጅን 14 ነውና 12 × 62 ÷ 14 = 53 ገደማ። ከእስራኤል ወሰን በታች፣ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ግን በላይ ነው። ወረቀቱ በየትኛው ስም እንደጻፈው ሳታዩ «12 ብቻ ነው» ብላችሁ እናትን አታጽናኑ።