አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በፅንስ ውስጥ እንዴት ይጀመራሉ?

አንጎል የሰውነታችን ገዢ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ነገር ግን ይህ ገዢ መቼና ከምን ተነሥቶ እንደሚሠራ ቢጠየቅ፥ መልሱን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ነገሩ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና የሚነካ ስለሆነ በዚህ መጽሔት ባጭሩ መግለጽ ተገቢ ነው።

ፅንስ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ሦስት ስስ ንጣፎች ይኖሩታል። ከታችኛው የአንጀትና የሳንባ ውስጠኛ ሽፋን፤ ከመካከለኛው አጥንት፥ ጡንቻና ደም ይገኛሉ። የላይኛው ንጣፍ ደግሞ ቆዳንም ነርቭንም ያስገኛል። እንግዲህ ቆዳችንና አንጎላችን ከአንድ ንጣፍ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው።

ታዲያ አንዱን ክፍል ቆዳ፥ ሌላውን ነርቭ የሚያደርገው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1924 ሐንስ ሽፔማንና ሒልደ ማንጎልድ የተባሉ ጀርመናውያን ሊቃውንት፥ እንቁራሪትን ከሚዘመዱ ጅራታም እንስሳት ፅንስ ቁራሽ ወስደው በሌላ ፅንስ ሆድ በኩል ተከሉት። በዚያም ስፍራ ሁለተኛ ፅንስ ከነአንጎሉና ከነኅብለ ሰረሰሩ በቀለ። በዚህም አንዱ የሕዋሳት ክፍል ለጎረቤቱ ምን እንደሚሆን ምልክት የሚሰጥ መሆኑ ታወቀ።

በሰው ፅንስ ይህ ምልክት ሲደርስ፥ በ18ኛው ቀን ገደማ የላይኛው ንጣፍ መካከል ይወፍራል። ቀጥሎም ግራና ቀኙ ከፍ ይልና መካከሉ ቦይ ይሆናል። የእንሰት ቅጠል ሁለቱን ጠርዞች አንሥተን ብናገጣጥም ቧንቧ እንደሚሆን፥ ይህም እንደዚሁ ይጠቀለላል። ጠርዞቹ በ22ኛው ቀን ገደማ አንገት በሚሆነው ስፍራ ይገናኙና ወደ ላይና ወደ ታች እየተዘጉ ይሄዳሉ። የላይኛው ቀዳዳ በ25ኛው፥ የታችኛው በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። ከቧንቧው ላይኛ ክፍል አንጎል፥ ከታችኛው ኅብለ ሰረሰር ይሠራል። በዚህ ጊዜ የፅንሱ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የላይኛው ጫፍ ሳይዘጋ ቢቀር አንጎልና የራስ ቅል በሚገባ አይሠሩም፤ ሕፃኑም በሕይወት አይቆይም። የታችኛው ሳይዘጋ ቢቀር ሕፃኑ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል። ቀዶ ሕክምና ቢረዳውም ብዙ ጊዜ እግሩ ይደክማል፥ ሽንቱን መቆጣጠርም ይቸግረዋል። በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ይህ ጉዳት ከብዙ አገሮች ይልቅ በኢትዮጵያ በርከት ብሎ እንደሚታይ ገልጸዋል። ይህ ርግማን አይደለም፤ እናቲቱም የምትወቀስበት አይደለም።

መከላከያ ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሰባት አገሮች የተደረገ የምርምር ውጤት ታትሞ ነበር። ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው የነበሩ እናቶች ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቪታሚን ከእርግዝና በፊት ጀምረው ሲወስዱ፥ ጉዳቱ ከመቶ 72 እጅ ቀነሰ። የቪታሚኑ ስም የመጣው «ቅጠል» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ስለሚገኝ ነው።

ዋናው ችግር ጊዜው ነው። ቧንቧው ሲዘጋ የእናቲቱ የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ብዙዎችም ማርገዛቸውን አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመሩት እናቶች ከመቶ 20 ያህል ነበሩ። በክትትል ጊዜ የሚሰጠው እንክብል ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለቧንቧው ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው።

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. በፋብሪካ የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር ወስኗል። ይሁን እንጂ በጉብሬና በአካባቢዋ የምንበላው ቆጮ ከጉድጓድ እንጂ ከፋብሪካ አይወጣም፤ ስለዚህ ይህ ጥቅም በቆጮ በኩል አይደርሰንም። ጎመን፥ ባቄላና ምስር ቪታሚኑ አላቸው፤ ጎመኑ ግን እጅግ ሲቀቀልና ውኃው ሲደፋ ብዙው ይጠፋል። ምግብም ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል፥ ለማርገዝ የምታስብ ሴት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመከራል። ቀድሞ ጉዳቱ የደረሰባት እናት ከዚህ የበለጠ መጠን ስለሚያስፈልጋት ሐኪም ማማከር አለባት።

እንግዲህ ወላጆቻችንና ታላላቅ እኅቶቻችን ሆይ፥ ለሠርግ ድግሱ ሲታሰብ ጤና ጣቢያ መሄዱም አብሮ ይታሰብ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ ለዚህች ቧንቧ የሚደረገው እርዳታ ሁሉ አስቀድሞ የሚደረግ ነው።