አቶም አያረጅም

እህቴ፣ ቆይ እስኪ፣ ወደሚቀጥለው ከማለፍሽ በፊት ይቺን ጥያቄ ልያት። 80 ግራም አዮዲን-131 አለ፣ ሃፍ ላይፉ፣ ማለትም ግማሹ ተለውጦ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 8 ቀን ነው፣ ከ24 ቀን በኋላ ስንት ግራም ይቀራል ይላል። አንቺ ደግሞ ግማሹ በ8 ቀን ካለቀ የቀረውም በሌላ 8 ቀን ያልቃል ብለሽ ዜሮ ጽፈሻል። ይሄ የሒሳብ ድክመት አይደለም፤ አቶም እንደ ሰው ዕድሜውን ቆጥሮ የሚያረጅ ስለሚመስለን ነው። 80ው በ8 ቀን 40 ይሆናል፣ 40ው 20፣ 20ው 10። መልሱ 10 ግራም ነው።

ቀመሩን ለጊዜው ተዪውና ነገሩን ያዢው። አንዳንድ ኒውክለስ ውስጥ የፕሮቶንና የኒውትሮን ብዛት አይመጣጠንም፣ ወይም ኒውክለሱ ራሱ ከመጠን በላይ ከባድ ነው። እንዲህ ያለው ማንም ሳይነካው ዲኬይ ያደርጋል፣ ማለትም ጨረር አውጥቶ ይለወጣል። መቼ? ማንም አያውቅም። ትናንት የተፈጠረና ወር የቆየ የአዮዲን-131 አቶም በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ውስጥ ዲኬይ የማድረግ ዕድላቸው እኩል ነው። ብታሞቂው፣ አሲድ ብታፈሺበት ለውጥ የለውም። አንድ ሳንቲም ስትወረውሪ በየትኛው ፊቱ እንደሚያርፍ መናገር አትችይም፤ ሚሊዮን ሳንቲም ሲወረወር ግን ግማሽ ያህሉ በአንድ ፊት እንደሚሆን አፍሽን ሞልተሽ ትናገሪያለሽ። ሃፍ ላይፍም የብዛቱ ነው እንጂ የአንዱ አቶም አይደለም።

ዲኬይ ሲያደርግ የሚወጡት ጨረሮች ደግሞ አልፋ፣ ቤታና ጋማ ይባላሉ። አልፋ 2 ፕሮቶንና 2 ኒውትሮን ነው፣ ወረቀት ያስቆመዋል። ቤታ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ሲለወጥ የሚወጣ ኤሌክትሮን ነው፣ ጥቂት ሚሊሜትር አሉሚኒየም ይበቃዋል። ጋማ ወፍራም እርሳስ ወይም ኮንክሪት ይፈልጋል። ብቻ አልፋን ወረቀት አስቆመው ብለሽ እንዳትንቂው። ከውጭ ቆዳሽን አያልፍም፤ በትንፋሽ ወይም በምግብ ከገባ ግን ክፉ ጉዳት ያደርሳል።

ጨረር ሲባል በደፈናው አትደንግጪ፣ በደፈናውም አትዳፈሪ። ራጅ የተነሣ ሰው ራዲዮአክቲቭ አይሆንም፤ ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም አለቀ። ለታይሮይድ ሕመም አዮዲን-131 የዋጠ ሰው ግን ምንጩን በሰውነቱ ይዞ ነው ወደ ቤት የሚሄደው። ሐኪሙ ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ራቅ በል ሲለው ለዚህ ነው፣ ትእዛዙም መከበር አለበት። የአንቺም ሰውነት ቢሆን ከምግብ የገባ ፖታሲየም-40 አለበት፤ በአንድ ትልቅ ሰው ውስጥ በየሰከንዱ ወደ 4,000 የሚሆኑ አቶሞች ዲኬይ ያደርጋሉ።

ይሄንኑ ፖታሲየም-40 ያዢልኝ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው እዚህ ላይ ያለውን ነው። ሃፍ ላይፉ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ከፊሉ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል። የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዓለት ትኩስ እያለ አርገኑ ያመልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚፈጠረው ግን ማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይከማቻል። የታሰረውን አርገን ከቀረው ፖታሲየም ጋር ስታነጻጽሪው ዓለቱ ከቀዘቀዘ ስንት ዓመት እንደሆነው ታውቂያለሽ። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ቅሪተ አካል፣ ድንቅነሽ፣ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላት የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። የተለካው አጥንቷ አይደለም፣ በዚያው አካባቢ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

ካርቦን-14 እዚህ አያገለግልም። ሃፍ ላይፉ 5,730 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ በቆየ ነገር ውስጥ ለመለካት የሚበቃ አይተርፍም። እና ፈተና ላይ የድንቅነሽ ዕድሜ በካርቦን-14 ተለካ የሚል ምርጫ ብታዪ፣ እንዳትነኪው።