ካሮትና ውርጭ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ውርጭ የሚበረታው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና ቁልቁል ሄዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። የዳገቱ ማሳ ሲተርፍ የረባዳው የሚመታው ለዚህ ነው።

ካሮት እንደ ድንች ቶሎ አይሞትም። ካደገ በኋላ ቀላል ውርጭ ቅጠሉን ቢነካውም ሥሩ አፈር ውስጥ ስለሆነ ይተርፋል። የሚጎዳው ገና ሲበቅል ነው። ዘሩ ለመብቀል እስከ 3 ሳምንት ይፈጅበታል፤ አፈሩ ከቀዘቀዘማ ይብስበታል። እኔ ራሴ አንድ ዓመት በኅዳር ዘርቼ ጠዋት ጠዋት ባዶ መደብ እያየሁ ከረምኩ።

እንግዲህ እንቁጠር። ካሮት ለመድረስ 100 ቀን ያህል ይፈልጋል። መስከረም 1 የተዘራው ኅዳር 1 ላይ 60 ቀን ይሞላዋል፤ ጠንክሯል ማለት ነው። የክረምቱ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርጉት። ዘሩን በጥልቀት አትቅበሩት፣ የጣት ጥፍር ያህል ይበቃዋል። ችግኝ አፍልታችሁም አታዛውሩት፣ ሥሩ ይጣመማል።

የየሰፈሩ ውርጭ ግን ይለያያል፤ ይህን ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ ሣሩ መጀመሪያ ነጥቶ ያደረበትን ቀን ደብተራችሁ ላይ «ኅዳር 3፣ ረባዳው» እንደማለት አድርጋችሁ ጻፉት። ለሚመጣው ዓመት ከዚያ ቀን 60 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩና ዝሩ።